«ገመዱን አይተኸዋል?»

እኔ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ነው) ተጠቃሚ ነኝ። ይሄንን ሳልነግረው አምስት ደቂቃ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው የለም። የሰው ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ካየሁ አያስችለኝም፤ ጠጋ ብዬ «ምን በወጣህ ነው በዚህ የምትሰቃየው?» እላለሁ። ነጻ ነው፣ ያረጀ ማሽን ነፍስ ይዘራበታል፣ ስራ መሃል ላይ «አሁን አፕዴት ላደርግ ነው» ብሎ አያስነሳህም… ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። እስካሁን ስብከቴን ሰምተው የዞሩ ሶስት ሰዎች አሉ። አንዱ ተመልሷል። ስለሱ አናወራም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ሁለተኛ ሞኒተር ገዛሁ። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ አንገቴ ሊገነጠል ነው፣ እስኪ እንደ ሰው ቀና ብዬ ልስራ ብዬ ነው። ከካርቶኑ አወጣሁት፣ እግሩን ገጠምኩለት፣ የፊቱን ፕላስቲክ ቀስ ብዬ ላጥኩት (ይቺን ስራ ለማንም አልሰጥም)፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አያያዝኩትና ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ጠበቅኩ። በራ። አርማው መጣ። ከዚያ ጥቁር ሆነና መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፦ «ሲግናል የለም»።

ሳጥኗ ደግሞ አርፋ አትቀመጥም። ወደ ቀኝ ትንሸራሸራለች፣ ጠርዙን ነካ ታደርግና ወደ ላይ ትታጠፋለች፣ ከላይ ትመለሳለች። የሚያስቸኩላት ነገር የለም። ገመዱን ነቅዬ ስሰካው ጥፍት ትልና እንደገና ከመሃል ትጀምራለች።

የሲግናሉ አለመኖር ብቻውን አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ እህቴ ቤት ውስጥ መሆኗ ነው።

ታናሽ እህቴ ዊንዶውስ ነው የምትጠቀመው። ስንት ጊዜ ለምኜያት፣ ስንት ጊዜ አስፈራርቼያት አልዞርም ያለች ናት። «ገመዱ ነው መሰለኝ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ብድግ አለች፣ ላፕቶፗን አመጣች፣ ገመዱን ከኔ ነቅላ የሷ ላይ ሰካችው። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። ድመቷ፣ የስክሪኗ ጀርባ ላይ ያለችው፣ ሞኒተሩን ሞልታ ፊቴ ላይ ተደቀነች።

«ገመዱ ደህና ነው» አለችኝና ነቅላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝም ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። «እኔ የምልሽ» አልኳት ተከትያት ሄጄ፣ «በዓለም ላይ ያሉት 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ አንድም ሳይቀር በሊኑክስ ነው የሚሰሩት፣ ታውቂያለሽ?»

«እነሱም ሞኒተር አላቸው?»

«በፈረንጆቹ 2021 ማርስ ላይ የበረረችው ሄሊኮፕተር ራሷ በሊኑክስ ነበር የምትሰራው!»

ላፕቶፔን አየች። ሞኒተሩን አየች። መሃላቸው የተጋደመውን ሁለት ሜትር የማይሞላ ገመድ አየች። «ማርስ ደርሶ ጠረጴዛ መሻገር አቃተው በለኛ፣ ወንድምዓለም።»

ለነገሩ ሰውየው አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ሊኑክስን የፈጠረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ እያለ ስራውን ሲያስተዋውቅ፣ ይሄ ለጊዜ ማሳለፊያ የምሰራው ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሏል። ማርስን እየጠቀስን ከእህቶቻችን ጋር የምንጣላው እኛ ነን።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሰራሁ። ችግሬን ለሰው ተናገርኩ።

የመጀመሪያው ጓደኛዬ «ገመዱን አይተኸዋል?» አለኝ። አይቼዋለሁ። ሁለተኛውም «ገመዱን አይተኸዋል?» አለኝ። ማታ ላይ አምስት ሰው ጠይቆኛል። አንዱማ አይቼዋለሁ ስለው «እስኪ በደንብ እየው» አለኝ። ገመድ በደንብ ሲታይ ምን እንደሚመስል እንጃ፣ ግን አየሁት።

ቀጥሎ ባለ «አሃ» መጣ። «የትኛውን ዲስትሪቢዩሽን ነው የምትጠቀመው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የትኛውን የሊኑክስ ዓይነት ማለቱ ነው። ነገርኩት። «አሃ» አለ፣ ራጅ አንስቶ ወደ ብርሃን እንደሚያይ ሐኪም። ሌላ ነገር አልጨመረም። የፈለጋችሁትን ስም ብትጠሩለት «አሃ» ነው የሚላችሁ፤ መድሃኒቱ ሁልጊዜ እሱ የሚጠቀመው ነው። ከሱ በኋላ ደግሞ ባለ «እኔ ጋ ይሰራል» አለ። ይሄኛው ራበኝ ስትሉት «እኔ በልቻለሁ» የሚል ሰው ነው። ክፋት የለበትም። መረጃ እየሰጠ ነው የሚመስለው።

እንደ ታላቅ ወንድም የማየው አንድ ሰው ደግሞ አለ፣ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሁፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ያረጀ። ስልክ አንስቶ ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ኤክስራንድአር ብለህ ጻፍ» አለኝ፤ የስክሪኖችን ዝርዝር የሚያወጣ ትእዛዝ ነው። ጻፍኩ። ያገኘሁትን ውጤት አነበብኩለት። «ምንድን ነው እሱ?» አለ ተቆጥቶ። ለካ እሱ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረውን፣ ስክሪን ላይ መስኮቶችን የሚያሳየውን ኤክስን ነው፤ የኔ ዴስክቶፕ ደግሞ የሚሰራው ተተኪው በሆነው በዌይላንድ ነው፣ እዚያ ኤክስራንድአር ቢጠይቁትም አንዳንዴ እውነተኛውን የስክሪን ስም አይነግርም፣ ለይምሰል የተለጠፈ ስም ነው የሚያሳየው። «በቃ እሱ ነው ችግሩ፣ አዲስ ነገር ሲወጣ አትሩጥ አላልኩህም?» አለኝ። ዌይላንድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

በማግስቱ አንዱ አስማሚ (አዳፕተር) ይዞ ቤት ድረስ መጣ። ይሄኛውን እወደዋለሁ፣ ቢያንስ እግሩን አንቀሳቅሷል። «ኤችዲኤምአዩን ተወው፣ በዩኤስቢ ሲ እናውጣው» አለ። ሰካነው። ላፕቶፑ ቻርጅ ሊያደርግ እንደተዘጋጀ ሰው መብራቱን ብልጭ አደረገና ተወው። ዩኤስቢ ሲ እንደዚህ ነው፤ የሁሉም አፍ አንድ ዓይነት ነው፣ የሚናገሩት ግን ለየቅል። አንዱ ምስል ያወጣል፣ አንዱ ፋይል ብቻ ያሳልፋል፣ አንዱ ኃይል ከመቀበል ሌላ ምንም አያውቅም። ጎኑ ላይ ያለችውን ምልክት በስልክ መብራት አጮልቀን ፈለግን። ምንም አልተጻፈበትም። ጓደኛዬ አስማሚውን ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ገመዱን ግን አይተኸዋል?»

ያን ሌሊት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሞኒተር ሲሰካ ምስሉ ዘሎ አይገባም፣ መጀመሪያ ትውውቅ አለ። ከገመዱ 19 ፒኖች (ትንንሽ የብረት መገናኛዎች) የመጨረሻዋ ፒን ዋና ስራዋ «ሰው መጥቷል» ብሎ መናገር ነው። ከዚያ ላፕቶፑ በሌሎች መስመሮች «ማን ልበል?» ይላል፤ ሞኒተሩም ኤዲድ የምትባል መታወቂያውን ያወጣል። ዋናዋ ገጽ 128 ባይት ናት። ማን እንደሰራው፣ ምን ያህል ምስል ማሳየት እንደሚችል፣ በስንተኛው ሳምንት እንደተመረተ ሳይቀር አለባት። ዕድሜውን የማይደብቅ ፍጥረት ነው። ስለዚህ «ማን ልበል?» የሚለው ጠፍቶ ነው ወይስ የሚመልሰው? ሞኒተሩ ለእህቴ ላፕቶፕ ሳይግደረደር መልሷል። የቀረው የኔ ቤት ነው።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ የሚያውቃቸውን የስክሪን መውጫዎች ዝርዝር አወጣሁ። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን አለ። በቃ። ኤችዲኤምአይ የሚባል ነገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። «አልተገናኘም» ቢለኝ እንኳ ይገባኛል፤ ይሄ ግን «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቤት አይኖርም» ነው የሚለው። ጣቴን ሰድጄ በጎኑ በኩል ያለውን ቀዳዳ ዳሰስኩት። ይኖራል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላፕቶፔ ሁለት ግራፊክስ ካርድ አለው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ላይ በደባልነት የሚኖረው ትንሹ ነው፣ ሌላው ለብቻው የተቀመጠው ትልቁ። የላፕቶፑን ስክሪን የሚያስተዳድረው ትንሹ ነው። የኤችዲኤምአይ መውጫው ግን፣ እንዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች እንደሚሆነው፣ በትልቁ ካርድ ክፍል በኩል ነው የሚወጣው። ትልቁ ካልነቃ በሩን የሚከፍት የለም። ትልቁ ደግሞ ተኝቷል። ከመቼ ጀምሮ ብዬ የድሮ መዝገቦችን ሳገላብጥ፣ ከዓመት በፊት ድራይቨሩን (ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) የጫንኩ ቀን ተኝቶ በዚያው ቀርቷል።

ዓመት ሙሉ! እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሰው ባገኘሁ ቁጥር «የኔ እኮ ግራፊክሱ ከባድ ነው» እያልኩ ነበር። ጌም ሲንቀራፈፍብኝም ጌሙን ነበር የምሰድበው።

ድራይቨሩን በእጄ ላስነሳው ሞከርኩ። አንዲት መስመር መለሰልኝ፤ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የምትል። ይሄኔ ገባኝ። ሴኪዩር ቡት የሚባል በር ላይ የቆመ ጥበቃ አለ፣ ማሽኑ ሲነሳ ፊርማው ያልታወቀ ነገር ወደ ከርነል እንዲገባ አይፈቅድም። ድራይቨሩ በየቀኑ ጠዋት ተነስቶ ደብዳቤውን ይዞ በሩ ላይ ይደርሳል፣ ጥበቃው ገልበጥ አድርጎ ያያል፣ «ማህተም የለውም» ይላል፣ ይመልሰዋል። በነጋታው ይመጣል። ይመልሰዋል። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጮኹም፣ አንድም ቀን ስክሪኑ ላይ መጥተው አልከሰሱኝም። ተመላልሰው በመዝገብ ላይ አስፍረው ዝም ብለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ፣ በአንድ የግራፊክስ ካርድ አምራች ተናዶ የመሃል ጣቱን ካሜራ ላይ ቀስሮ ነበር። እኔም ጣቴን ላነሳ ስል የድሮው ቀን ትዝ አለኝ። ድራይቨሩን ስጭን ማሽኑ ይለፍ ቃል አውጣ ብሎኝ ነበር። አወጣሁ። ስትነሳ ጥበቃው የድራይቨሩን ማህተም የሚለይበትን ቁልፍ አስመዝግብ ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሳ አንድ ገጽ ይመጣል፣ አስር ሰከንድ ይጠብቃል፣ ምንም ካልነካችሁት ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል። እኔ በዚያች አስር ሰከንድ ስልክ እያወራሁ ነበር። ምን እያወራሁ እንደነበር ባላስታውስ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ወደ ሊኑክስ እንዲዞር እየሰበክሁ ነበር።

ጣቴን መለስኩት።

ጠዋት ቁልፉን እንደገና ለምዝገባ አቀረብኩ፣ ይለፍ ቃል አወጣሁ፣ ማሽኑን ዘግቼ አስነሳሁት፣ በሁለት እጄ ኪቦርዱን ይዤ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። ይሄኔ ነው እህቴ ቡናማ ካልሲዋን እየጎተተች ከኋላዬ የመጣችው። ገጹ መጣ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፣ ዊንዶውስ ሲወድቅ ለዓመታት ያሳየው እንደነበረው ገጽ።

«ሰማያዊ ስክሪን የኛ ብቻ መስሎኝ!»

«ይሄ ሌላ ነው!»

«ቀለሙ ግን ያው ነው።»

«ይሄ የደህንነት ነው፣ ቁልፍ እያስመዘገብኩ ነው…» ላስረዳት ዞሬ ሰባት ሰከንድ ፈጀሁ። ስመለስ ሶስት ቀርቶኛል። የትኛውን ቁልፍ እንደመታሁ አላውቅም፣ በመዳፌ ነው የመታሁት። ገባልኝ። ይለፍ ቃሉን ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ በሶስተኛው ተቀበለኝ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ሞኒተሩ ጠቆረ፣ ሽርሽር የምትሄደው ሳጥን መሃል መንገድ ላይ ቀረች፣ ከዚያ ዴስክቶፔ በሰፊው ተዘረጋ። እጄን ሁሉ አነሳሁ። ማውሱን ወደ አዲሱ ሞኒተር ገፋሁት፣ ግድግዳ እንደገጨ ዝንብ ጠርዙ ላይ ቆመ። ሞኒተሩ ያለው በግራዬ ነው፣ ሊኑክስ ግን በቀኜ ነው ብሎ ገምቷል። እህቴ ምንም አላለችም። አንድ ቅንድቧን ብቻ ነው ያነሳችው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ አንዷን አራት ማዕዘን ጎትቼ ግራ አስቀመጥኳት፣ አለቀ።

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አለችኝ።

«ትንሽ ነገር ነበረች።»

«ሁለት ቀን» አለች ወደ ክፍሏ እየሄደች፣ ለማን እንደምትናገር እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ሰብኬ ካዞርኳቸው አንዱ ነው፣ ካልተመለሱት። «ወንድሜ፣ ሞኒተር ሰክቼ ሲግናል የለም እያለኝ ነው።» ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የተጠራቀመ እውቀት ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፤ ስለ 19ኛዋ ፒን፣ ስለ ኤዲድ፣ ስለ ሁለቱ ካርዶች፣ ስለ ጥበቃውና ስለ ማህተሙ፣ ከየት ልጀምርለት? ትንፋሽ ወሰድኩ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ገመዱን አይተኸዋል?»

ዝም አለ። የወንበር መንኳኳት ሰማሁ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ማቃሰት ሰማሁ።

«ውይ» አለ። «ወልቆ ነው ለካ።»

«ቆይ፣ ስማኝማ…»

ዘግቶታል።