ግሽበቱ ወርዷል፤ ዘይቱ አልሰማም

የወሩ የዋጋ ግሽበት ቁጥር ሰሞኑን ወጣና መቶኛ ጠቃሾቻችን እንደ ሠርግ አጃቢ ግልብጥ ብለው ወጡ። «ቀነሰ! ኑሮ ረከሰ! ሟርተኞች የት ገባችሁ?» ቁጥሩን በቀይ ከብበው፣ ወደ ታች የሚያይ ቀስት ለጥፈውበት በየቴሌግራሙ በተኑት። እናንተም አይታችሁ፣ ደም ግፊታችሁን ለክታችሁ ዝም ብላችኋል። እኔ ግን ውለታቸውን ሳላመሰግን ማለፍ አልሆነልኝም።

እኛ ዋጋ ለማወቅ መርካቶ ድረስ እንንከራተታለን፤ እነሱ ከሶፋቸው ሳይነሱ ያረክሱታል። ግሽበት ዋጋ የሚጨምርበት መጠን ነው፣ መጠኑ ወረደ ማለት ጭማሪው ቀዘቀዘ እንጂ ዋጋው ተመለሰ ማለት አይደለም ብትሏቸው የምቀኛ ወሬ ነው። (መኪና ፍጥነቱን ቢቀንስም ወደፊት መሄዱን አያቆምም የሚለውን ምሳሌ እዚህ አልደግመውም፤ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበ ባለሙያ ሁሉ ነድቶታል።)

ለሒሳቡ ያህል 1,000 ብር የነበረ ባለ 5 ሊትር ዘይት እንውሰድ። በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ጨመረ፤ 1,300 ብር። በሁለተኛው 17 በመቶ፤ 1,521። በሦስተኛው 13 በመቶ፤ 1,718 ብር ከ73 ሳንቲም። ግሽበቱ ከ30 ወደ 13 እየወረደ ዘይቱ 72 በመቶ ገደማ ወጣ። ወደ 1,000 ብር እንዲመለስ ከተፈለገ ግሽበቱ ዜሮ መሆኑ እንኳ አይበቃም፤ ዋጋው ራሱ 42 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ወንድማችንን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ስሙን አልጠራም፤ በየሰፈሩ አንድ አንድ አለ። መግለጫው በወጣ ማግስት ስልኩን ዘርግቶ ሱቅ ሄደ።

«አንተ ልጅ፣ ዘይቱን ቀንስ እንጂ! 4 በመቶ ወርዷል እኮ።»

«የትኛው ዘይት ነው ጋሼ?»

«ሁሉም!»

ልጁ ጀሪካኑን አገላብጦ አየው። «እዚህኛው ላይ አልደረሰም። ከጅምላ ትናንት ነው ያመጣሁት፤ 40 ብር ጨምረውብኛል።»

«አልሰማሁም በላ!»

ወንድማችን ዘይቱን ትቶ ወደ እንቁላሉ ዞረ። እንቁላል በእርግጥ ረክሷል፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ የሚበላው ስለጠፋ ነው። «ይኸው!» ብሎ ፎቶ አነሳው። ቀጥሎ ታክሲ ውስጥ ከሒሳቡ ላይ ቅናሽ ጠየቀ፤ ረዳቱ «አባት፣ ሒሳብ!» ከማለት በቀር በማክሮ ኢኮኖሚው ላይ አስተያየት አልነበረውም። ፀጉር ቤት ገባ፤ ግማሹ ተቆርጦ ሳለ የቅናሽ ነገር ቢያነሳ ቆራጩ ማሽኑን አጥፍቶ እጁን አጣጥፎ ጠበቀው። በመጨረሻ አከራዩ ዘንድ ደረሰ። አምና ኪራዩን ከ10,000 ወደ 13,000 ብር ያደረሱት እትዬ ቡናቸውን እየቆሉ በጥሞና አዳመጡት። «እውነትህን ነው ልጄ፣ እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እንግዲያው ዘንድሮ 30 በመቶ አልጨምርብህም፤ 15 ብቻ ይሁንልህ።» 14,950 ብር ማለት ነው። ግሽበት ቀነሰ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ቀን አጥርቶ የተረዳ ሰው ቢኖር እትዬ ብቻ ናቸው። ወንድማችንም ደስ ብሎት ወጣ፤ በግማሽ አስቀንሷላ! ማታውን «የቤት ኪራይ 50 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ጻፈ፤ ላይኩ ጎረፈ።

የጠቃሾቹ ዋና ጥበብ ግን ምርጫቸው ነው። የወሩ ዋጋ ካለፈው ወር ጋር ይነጻጸራል፣ ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ይነጻጸራል፣ የ12 ወር ተንከባላይ አማካይም (በየወሩ የሚሰላ ያለፉት 12 ወራት አማካይ) አለ። እነሱ ዝቅ ያለውን ያነሳሉ። የወሩ ጭማሪ 1.2 በመቶ ከሆነ «ግሽበት 1.2 ገባ!» ነው። በዚሁ ከቀጠለ በዓመቱ 15.4 በመቶ ይሆናል፤ ጭማሪው በጭማሪ ላይ ስለሚደራረብ 12 ጊዜ 1.2 ብሎ 14.4 ማለትም አያዋጣም። ከ20 በመቶ ወደ 15 ሲወርድ «5 በመቶ ቀነሰ» ይላሉ። ልዩነቱ 5 የመቶኛ ነጥብ ነው፣ በመቶኛ ከሆነማ 25 ነው ብሎ የሚያርማቸው ሰው ቡና አብሮ የማይጠጣ ጨቅጫቃ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዋጋ ሁሉ በዚያው ልክ አልዘለለም፤ ብዙው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀድሞም የሚተመነው በጥቁር ገበያው ዶላር ነበር። የዘለለው ግን 12 ወር ሲሞላው ከዓመታዊው ስሌት ይወጣል፤ ማነጻጸሪያው ራሱ ከፍ ብሏልና። ዋጋው ከወጣበት ሳይወርድ ቁጥሩ ይወርዳል። የቀን መቁጠሪያ የሠራውን ሥራ ጠቃሾቻችን ለፈለጉት ሰው ገድል አድርገው ይጽፉለታል። ፋሲካም እንዲሁ ያምታታል። በ2009 ሚያዝያ 8 ውሎ በ2010 መጋቢት 30 ዋለ፤ የሁለቱን ዓመት መጋቢት ዶሮና ቅቤ ማነጻጸር የጾም ገበያን ከፋሲካ ዋዜማ ገበያ ጋር ማነጻጸር ነበር።

ማዶ ያሉትም ምስጋናቸው አይቅርባቸው። «ቲማቲም እጥፍ ሆኗል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ውሸት ነው!» አንድ ሳጥን ቲማቲም ይዘው የአገሪቱን መለኪያ ይገለብጣሉ። በአገር አቀፉ ስሌት ከግማሽ በላይ የሚመዝነው ምግብ ነው። ከወጪው ግማሹ ኪራይ የሆነ ያዲስ አበባ ሰው፣ ኪራዩ 30 በመቶ ሌላው 10 በመቶ ቢጨምርበት የራሱ ግሽበት 20 ነው። መግለጫው 13 ቢል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ለማወቅ ማባዛትና መደመር ይበቃል፤ ለዚህ ደግሞ ማን ጊዜ አለው?

አንዳንዱ ነገር ግን ለሽሙጥም አይመችም። ከሐምሌ 2008 ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከደመወዝ ግብር ነፃ የነበረው በወር 600 ብር ብቻ ነበር፤ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ያ 10,900 ብር መጀመሪያ ላይ 500 ዶላር ገደማ ነበር፤ መጨረሻ ላይ 85 ዶላር አይሞላም። ለስሙ ደመወዝ የተጨመረለት ሠራተኛ፣ ብሩ የሚገዛለት እያነሰ፣ የሀብታም ግብር ወደሚቆረጥበት እርከን ተገፋ። በሐምሌ 2017 ነፃው ወደ 2,000፣ የ35 በመቶው መነሻ ወደ 14,000 ብር እስኪነሳ ድረስ፣ በየወሩ መቶኛ የሚያነበንቡት አፎች ይህን አላነሱትም። ይባስ ብለው ወር እስከ ወር መድረስ ያቃተውን ሰው «ቁጥር አይገባህም» ይሉታል። ጤፉን በኪሎ፣ ዘይቱን በሊትር፣ ስኳሩን በሩብ እየቆረጠ የሚገዛ ሰው ቁጥር አይገባውም? እፍረት የላችሁም!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ለጠቃሾቹ ሽልማት ሊዘጋጅ ስለሆነ መፈተኛ ያስፈልጋል። መቼም እነሱ ደብተር ይዘው፣ በየወሩ በተመሳሳይ ሳምንት፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ አይመዘግቡም፤ አምና የነጭ ጤፍ ዋጋ ከጻፉ ዘንድሮ ሰርገኛውን እንዳይጽፉም አይጠነቀቁም። ሚዛን ከያዙም አይቀር ዳቦ ቤት እንውሰዳቸው፤ ዳቦ ጋጋሪዎቻችን ዋጋ ሳይነኩ ዋጋ መጨመር ያውቁበታል። 10 ብር የሚሸጠው ዳቦ ከ100 ግራም ወደ 80 ወርዶ ዋጋው ግን እዚያው 10 ብር ነው። የዳቦ ዋጋ በስንት በመቶ ጨመረ? «ምንም አልጨመረም» ያላችሁ ዋንጫውን ወስዳችኋል። «20» ያላችሁ ደግሞ ሁለተኛ ናችሁ፤ ያው 100 ግራም አሁን 12 ብር ከ50 ነውና እጃችሁን አውርዱ።