የእድር ካሳ ስንት ነው? ሶሻል ስለ መማር የተደረገ ክርክር

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ የሥነ ምግባርና የማኅበረሰብ ጥያቄዎችን በወጉ ለመመርመር ፍልስፍና፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ መማር ያስፈልጋል።

ተቃዋሚ (መሐንዲስ)፦ መምህርት፣ ትምህርቱን ንቄ አይደለም። ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት «ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ሶሻል ይግባ» ሲል ትክክል መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። ደግና ክፉን ለመለየት ዲግሪ ምን ያደርጋል? በድንበር የተጣሉትን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ፍልስፍና ተምረው ነው እንዴ?

ደጋፊ (የታሪክ መምህርት)፦ ወንድሜ፣ ሽማግሌው የሚያስታርቀው ሁለቱንም ከነአመላቸው ስለሚያውቃቸው ነው። አንተ መንገድ የምታወጣበትን ሰፈር ታውቀዋለህ? ቤቱን በካሬ ለክተሃል፣ ዛፉን ቆጥረሃል። እድሩንስ የት ጻፍከው? ሰፈሩ ሲነሣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በአይሱዙ ይጫናል እንበል። ጥሩንባ ሲነፋ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣው ጎረቤት ግን አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለንብረትና ለመፈናቀል እንጂ ለዚህ ካሳ አላሰበም። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ይከፈል ያለው የ2011ዱ፣ ቁጥር 1161 ነው።

መሐንዲስ፦ ይኸው ራስዎ መለሱት! ያስተካከለው ሕግ ነው። ቀመር ይወጣለታል፣ ይከፈላል፣ አለቀ።

መምህርት፦ አላለቀም። ዕድሜ ልካቸውን እዚያ የኖሩት እትዬና አምና የገባው ተከራይ እኩል ያጣሉ? ጎረቤትን በብር መተመንስ ተገቢ ነው? ቀመሩ ከመውጣቱ በፊት ይህን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።

መሐንዲስ፦ ጥያቄ ማንሳትማ የ1957ቱም ትውልድ አንስቷል። የካቲት ላይ «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ተማሪ አንባቢ ነበር። 12 ዓመት ሳይሞላ ከዚያው እንቅስቃሴ የወጡት ሁለት ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ተገዳደሉ። ንባቡ ማንን አዳነ?

መምህርት፦ እዚህ ላይ ቀላል መልስ የለኝም። ግን በመካከላቸው የሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎችም ነበሩ፤ ጥፋቱን ሶሻል ላይ ብቻ አትጫነው። እኔ እንደሚመስለኝ መጽሐፉን እንደ መልስ ማውጫ ነው የያዙት። «ብንሳሳትስ?» የሚል ሲመጣ አድኃሪ ተባለ። ታሪክ የማስተምረው ይህንኑ ለማሳየት ነው።

መሐንዲስ፦ እሺ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ናቹራል የገባውም አንደኛ ዓመት ላይ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይወስዳል። አይበቃም?

መምህርት፦ ፈተናው ምርጫ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ልጁ ሾርት ኖት ሸምድዶ ያጠቁራል፣ ይወጣል። ተከራይዋ ካሳ ይገባታል ወይስ አይገባትም ብሎ ሁለት ገጽ ይጻፍ፤ ከዚያ እንነጋገር።

መሐንዲስ፦ ይጻፍ። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ የጻፈውን የሚያርም መምህር ከየት ይመጣል? በየትኛውስ ደመወዝ?