እንኳን ዋጋ ወጣላት!

ዕድሜ ለተማኞች፣ ተፈጥሮ በስተመጨረሻ ዋጋ ወጥቶላታል። ንቡ፣ ረግረጉና ደኑ ለዘመናት ያለ ደረሰኝ ሲያገለግሉ መኖራቸው ለሒሳብ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የሥነ ምህዳር ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ ይህን ነውር አስወገዱልን፤ ሥነ ምህዳሮች የሚሰጡት አገልግሎት በዓመት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አሰሉ። እነሱ እንደጻፉት የዚያን ጊዜ የዓለም ጠቅላላ ምርት 18 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር፣ የሰው ልጅ የዓመት ገቢውን ሳያስቀር ቢያስረክብ እንኳ የዕዳውን እኩሌታ በጥቂቱ ቢያልፍ ነው። እፎይ የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነን ዕዳ ማን ክፈሉ ብሎ ያስጨንቃል? በ2014 ስሌቱ ሲታደስ ደግሞ ረግረጉና ኮራሉ ተመናምነው ሳለ አኃዙ ወደ 125 ትሪሊዮን ተመነደገ።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን አንዳንዱ ዋጋ የሚወጣበት መጠይቅ ነው። ጠያቂው በር አንኳኩቶ፣ አባወራው በዓይኑ አይቶት ስለማያውቀው ወፍ፣ «እንዳይጠፋ በዓመት ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?» ይላል። አባወራው ጣራ ጣራውን አይቶ፣ ስስታም እንዳይባልም አስቦ፣ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ የሁሉም መልስ አማካይ በቤተሰብ ብዛት ሲባዛ ወፉ ዋጋ አገኘ ማለት ነው። «ቢጠፋስ ስንት ቢሰጥዎ ይካሳሉ?» ቢባል ያው ሰው እጅግ የበዛ ገንዘብ ይጠራል፤ ስለዚህም ኢኮኖሚስቶቹ ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የመሩት የባለሙያዎች ቡድን በ1993 ቁጥብ የሆነውን የፊተኛውን ጥያቄ መረጠ። (ወፉ አልተጠየቀም፤ ለነገሩ የሚከፍለው የለውም።)

መጪው ትውልድም አልተረሳም። ከ100 ዓመት በኋላ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ጥቅም ዛሬ የተቀመጠ ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ ይወልዳል ተብሎ ወደ ኋላ ሲሰላ ዛሬ 7,600 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ያልተወለዱት ይህን ያህል ረክሰው አንድም ቅሬታ አለማቅረባቸው ጨዋነታቸውን ያሳያል።

ይህን የተከበረ ሥርዓት ያጎደፈችው ኒውዮርክ ናት። ሪፖርቱን አስጠርዞ መደርደር ሲበቃት፣ በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር የውሃ ማጣሪያ ከመገንባት ውሃዋ የሚመነጭበትን የካትስኪል ተራራማ አካባቢ መንከባከብ እንደሚረክስ ስታይ፣ በ1997 ተፈራርማ ገንዘቡን የምር ከፈለች፤ መሬት ገዛች፣ የከብት ፍግ ወንዝ እንዳይገባም የገበሬዎችን ወጪ ሸፈነች። ስለ ትመና በሚካሄድ ስብሰባ ሁሉ ዛሬም ስሟ ይነሳል፤ ደግነቱ፣ ስሟን የሚያነሳው ተናጋሪ ተጨብጭቦለት ወደ መቀመጫው ይመለሳል እንጂ ኪሱን አይነካም።