የፈንክሽኑ ቤት የት ነው? ክርክር ከጅማ

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮድ እያነበብን ነው እንበል፤ መሃል ላይ አንድ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ተጠራ። የተጻፈበት ቦታ በምን እንሂድ? በሲታግስ (የስሞችን ማውጫ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ወይስ በላንጉዌጅ ሰርቨር (ከጀርባ ሆኖ ኮዱን እያነበበ ለኮድ መጻፊያው ኤዲተር መልስ በሚሰጠው ፕሮግራም)? ጅማ ላይ ኮድ የሚጽፉ ሁለት ሰዎች አልተስማሙም። አንጋፋው ሄርማታ ነው የሚኖሩት፤ ወጣቱ ጅሬን። በየሰፈራቸው እንጥራቸው።

ሄርማታ፦
እኔ የቪም ሰው ነኝ፤ ኤዲተሬ እሱ ነው። ጠቋሚውን ስሙ ላይ አሳርፌ ኮንትሮልና የሚዘጋውን ማዕዘን ቅንፍ እጫናለሁ፤ ደረስኩ። ለመመለስ ኮንትሮልና ቲ። አለቀ።

ከጀርባው ያለው ሲታግስ የሚጽፈው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ስሙም ታግስ ነው። መስመሩ ላይ የፈንክሽኑ ስም፣ ያለበት ፋይልና መፈለጊያው ተጽፏል። በፊደል ተራ ስለሚደረደር ቪም ከላይ እስከ ታች አያነበውም። መሃሉን ከፍቶ ግማሹን እየጣለ ይሄዳል። ኬን አርኖልድ ሲታግስን የጻፈው ቢኤስዲ ዩኒክስ ለሚባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የዚያን ዘመን ኮምፒውተር አስቡት! የእኔ ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ለሲታግስ የአባ ጅፋር ግቢ ነው።

ጅሬን፦
ጋሼ፣ ግቢውስ የእኛ ሰፈር ነው። እስቲ እርስዎ ሰፈር እንምጣ። ሄርማታ ገብቼ «የመሐመድ ቤት የት ነው?» ብል ምን ይሉኛል? «የትኛው መሐመድ?» አይደል?

የሲታግስ ችግር ይኼው ነው። ሞክሼ አይለይም። የቡና መረከቢያ ፕሮግራም ውሰዱ። ሚዛኑ «ሴቭ» የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ክፍያውም አለው፤ መጋዘኑም አለው። እኔ ክፍያው ላይ ቆሜ ስጠይቅ ሲታግስ ሚዛኑ ጋ ወስዶ ሊጥለኝ ይችላል። ስሙን እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅማ!

ሰርቨሩ ግን ኮዱን ያነባል። ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኤዲተሬ ላይ ኤፍ 12 ስጫን ኤዲተሩ «እዚህ ፋይል፣ እዚህ መስመር፣ እዚህ ፊደል ላይ ነኝ» ብሎ ይልካል። ሰርቨሩ ተለዋዋጩ ምን ዓይነት እንደሆነ አይቶ ትክክለኛውን «ሴቭ» ይመልሳል። ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮደንቪ ጋር ይህን የኤዲተርና የሰርቨር መነጋገሪያ አሠራር በ2016 ይፋ ካደረገ ወዲህ አንዱ ሰርቨር ለብዙ ኤዲተር ይሠራል። የእርስዎው ቪም እንኳ በፕለጊን ይችላል።

ሄርማታ፦
የመሐመዱን ነገር ወድጄዋለሁ። ግን የሄርማታ ሰው «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ዝም ብሎ በር አያንኳኳም። ቪምም እንደዚያው ነው። ጂና የሚዘጋውን ማዕዘን ቅንፍ ተጫን፣ ሞክሼዎቹን በሙሉ ዘርዝሮ ያቀርብልሃል። ምረጥ።

ያንተ ሰርቨር ደግሞ ሳይደገስለት አይመጣም። ባለፈው አንድ የቆየ የሲ ፕሮጀክት ደረሰኝ። ክላንግዲ በሚባለው የሲ ላንጉዌጅ ሰርቨር ከፈትኩት። ፕሮጀክቱ በምን ትዕዛዝ ኮምፓይል እንደሚደረግ የሚነግረው ፋይል የለም። ሄደሮቹን (ኮዱ ከሌላ ቦታ የሚያስገባቸውን ፋይሎች) አላገኘም፣ ገጹ በሙሉ ቀይ በቀይ ሆነ። ሲታግስ አቃፊው ላይ ሳስነሳው ቡናው ሳይፈላ ጨረሰ። ኮዱ ባይሠራ እንኳ ግድ የለውም።

ጅሬን፦
ጨረሰ፣ እሺ። ነገ ኮዱን ሲቀይሩትስ? ያ ፋይል እኮ ትናንት የተነሳ ፎቶ ነው። እኔ ገና ሴቭ ያላደረግኩትን ለውጥ እንኳ ኤዲተሩ ለሰርቨሩ ይነግረዋል።

ሄርማታ፦
ፎቶ ብቻ አይደለም። ለፈንክሽን የሚጽፈው የመስመሩን ጽሑፍ ነው። ከላይ 50 መስመር ብትጨምር ጽሑፉን ፈልጎ ያገኘዋል። ስሙን ከቀየርክ ግን አዎ፣ ጠፍቷል። ለዚያም ብዬ፣ ፋይል ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ታግሱን የሚያድስ አንድ መስመር ትዕዛዝ አለችኝ።

ጅሬን፦
ይሁን። «ይህን ፈንክሽን ማን ማን ይጠራዋል?» ቢባሉስ?

ሄርማታ፦
ግሬፕ፤ ስሙን በየፋይሉ ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልገው ትዕዛዝ።

ጅሬን፦
ግሬፕማ ኮሜንቱንም፣ ሞክሼውንም አንድ ላይ ሰብስቦ ያመጣል! 200 መስመር በዓይን ሊያበጥሩ ነው። ስም መቀየር ሲመጣማ ጉድ ነው። የክፍያውን «ሴቭ» ልቀይር ብለው የሚዛኑን ይዘው ይሄዳሉ። ሰርቨሩ የራሱን ለይቶ በየፋይሉ ይቀይራል።

ሄርማታ፦
ስም መቀየሩ ላይ አልከራከርህም። አንዴ ተቃጥዬበታለሁ፤ ማታ የጀመርኩት ሊነጋ ሲል ነው ያለቀው። ለማንበብ ግን ሰርቨር አላስነሳም። ሰው ኮድ ከሚጽፍበት የሚያነብበት ይበዛል።

ጅሬን፦
እንግዲያው ቅዳሜ ያንን የሲ ፕሮጀክት ይዘው ይምጡ። የኮምፓይሉን ፋይል እኔ አዘጋጃለሁ። ከዚያ ሞክሼዎቹን አንድ በአንድ እንሞክራቸው።

ሄርማታ፦
እመጣለሁ። መብራት ቢጠፋም እመጣለሁ፣ የእኔ ባትሪ ይበቃኛል። ሰርቨር ለተሸከመው ላፕቶፕህ አንተ እወቅበት።