ለአንጀት ሊቃውንት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር

ማይክሮባዮሎጂ ለመማር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ሳስበው አፍራለሁ። ለካ የዘጠና ሰከንድ ቪዲዮ ይበቃ ነበር! እኔ ሞኙ ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኔን ሳጠፋ፣ እናንተ አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ስልካችሁን እየነካካችሁ የአንጀትን ምስጢር ጨረሳችሁት። ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ ነስቻለሁ።

ከሁሉ የሚያስቀናኝ ፕሮባዮቲክ የተባለውን የባክቴሪያ እንክብል ለሁሉ ነገር የምታዙበት ድፍረታችሁ ነው። ሆድ ሲነፋ ፕሮባዮቲክ። ፀጉር ሲረግፍ ፕሮባዮቲክ። ትዳር ሲቀዘቅዝማ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ጠዋትና ማታ። እኛ ፈሪዎቹ "የትኛው ዝርያ? በምን መጠን? ለምን በሽታ?" እያልን ሰው እናሰለቻለን። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ፕሮባዮቲክን ሲተረጉሙ "ሕያው" ይሁን፣ "በበቂ መጠን" ይወሰድ፣ "ጥቅም" ይስጥ ብለው ነገር አወሳሰቡ። እናንተ "ጥሩ ባክቴሪያ" ብላችሁ ገላገላችሁን።

በቀደም አንድ ወዳጄ የፕሮባዮቲክ ጠርሙሱን ይዞ መጣ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲያበስለው የሰነበተ ነው። ፊቱ ላይ "50 ቢሊዮን ባክቴሪያ" ይላል፣ ከሩቅ ይነበባል። ገልበጥ አድርጌ ዝርያውን ፈለግኩ። "ላክቶባሲለስ" ይላል፣ አለቀ፤ የብዙ ባክቴሪያ የወል ስም።

"ይሄ እኮ 'እንስሳ' ብሎ እንደመሸጥ ነው፤ ውሻ ይሁን ዝሆን በምን አውቃለሁ?" አልኩት። ላክቶባሲለስ ይባል የነበረው ወገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ለ25 ወገኖች እንደተከፋፈለ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ "አንተ ደግሞ ሳይንስ ታበዛለህ" ብሎ ሁለት ፍሬ ዋጥ አደረገ። በፀሐይ ላለቁት ባክቴሪያዎች ሁሉ በሆዴ "ነፍስ ይማር" አልኩ።

ስለ ጽናታችሁም ላመስግን። "ባክቴሪያ ከሰውነታችን ሕዋስ አሥር እጥፍ ይበልጣል" የምትሏት ነገር አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ስሌት ባክቴሪያውን ወደ 38 ትሪሊዮን፣ የሰውን ሕዋስ ወደ 30 ትሪሊዮን ገምቶ ንጽጽሩን አንድ ለአንድ ግድም አደረሰው። እናንተ ግን ቃላችሁን የምታጥፉ ሰዎች አይደላችሁም። አሥር ካላችሁ አሥር ነው።

አንቲባዮቲክ እንደጨረሰ ሰውን ሁሉ ፕሮባዮቲክ ለምታስውጡትማ ምን ልበል! እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ያደረጉ ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ወደ ቦታው ለመመለስ ምንም ካልወሰዱት ይልቅ ዘግይቶባቸዋል ይላል። እርግጥ ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በተፈተነው ቅልቅል ብቻ ነው፣ ሌላ ዝርያ ለሌላ ችግር ሊረዳ ይችላል፣ የመጨረሻ ቃልም አይደለም። አያችሁ? እንዲህ እያልን ነው ሰሚ ያጣነው።

ትናንት ማታ ያው ወዳጄ ሊንክ ላከልኝ። "በሳይንስ ተረጋገጠ!!!" ይላል። ከፈትኩት፤ አይጥ ላይ ነው።

"አይጦቹን እንኳን ደስ አላችሁ በልልኝ" ብዬ መለስኩለት።

ልብ ሰጠኝና ለቤተሰብ ግሩፕ ላከው።