«ፈተና ላይ አይመጣም»

በዚህ ክረምት ልጄን ይዤ ጅማ ከረምኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ሚኒሶታ ነው። እዚያ በወላጆች ቀን መምህሯ ከሁሉ አስቀድማ የነገረችኝ «ጥያቄ ታበዛለች» ብላ ነው። ደነገጥኩ። እኔ በተማርኩበት ክፍል ጥያቄ ያበዛል የሚባለው ረባሽ ነው። ሴትየዋ ግን እያመሰገነቻት ኖሯል።

ማና ወረዳ የአጎቴ ጎረቤት የሆኑ አባት ቡናቸውን ሊያሳዩን ይዘውን ገቡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገው ጠቆር፣ ጎድጎድ ያለ ነጥብ ያለባት አረንጓዴ ፍሬ ቀጠፉ። «ይቺ ታማለች» አሉ። ልጄ ጀመረች። ለምን ታመመች? ያኛው ዛፍስ ለምን አልታመመም? አባባ አልሰለቹም። ያኛው በክፉ ዓመትም ሲታመም አይተውት አያውቁም። ዘር የሚይዙት ከእሱ ነው።

ይህ ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ እርጥበት ይወዳል። ያኔ ተመራማሪዎች በሽታው በመታው ማሳ መሃል ጤነኛ ሆነው የቀሩትን ዛፎች እየፈለጉ ዘራቸውን ሰበሰቡ። ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110 እና 74112 የተባሉት በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎች የተገኙት እንዲህ ነው። የቁጥሮቹ መነሻ «74» ዛፎቹ የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታል። ተመራማሪውም፣ አባባም፣ ልጄም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ያኛው ለምን አልታመመም?

እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄ ነበር። ስለ ፈንገስ ስንማር እጄን አውጥቼ «የእኛን ቡና የሚያጠቁረው ይሄ ነው?» አልኩ። መምህራችን «ፈተና ላይ አይመጣም» ብለው አለፉ። አልፈርድባቸውም፤ ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ምዕራፉ ማለቅ አለበት። ግን ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት ዓመታት ፈጀብኝ።

ውጭም ቢሆን የሚጎድል አለ። ልጄ እንደ ልቧ ትጠይቃለች፤ መልሱን የምትፈልገው ግን ስክሪን ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን አንድ ዛፍ ሲያይ የኖረ ሰው አጋጥሟት አያውቅም ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን መንደር ድረስ እየላከ ማስተማሩ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ግን ለምን እስከ ዩኒቨርሲቲ እንጠብቃለን?

ማታ የአባባ የልጅ ልጅ የባዮሎጂ ደብተሩን አመጣ። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሷል። ፈንገስ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳይስት በቃሉ ወረደው። ጎበዝ ልጅ ነው።

«አያትህ ቡና ላይ ያለውስ?» አልኩት።

ግር ብሎት አየኝ። «እሱማ ትምህርት አይደለም።»

ልጄ ያቺን የጠቆረች ፍሬ ከኪሷ አውጥታ ደብተሩ ላይ አስቀመጠችለት። ልጁ የስልኩን መብራት አበራና ጎንበስ አለ።