ነቅለህ ሰካው

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥራ ሲያቆም መስኮቱ ላይ የጻፈውን ማንበብ የፈሪ ሥራ ነው። ጎበዝ ነቅሎ ይሰካል። ጥበቡን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አገር ምድሩ ግን ተክኖበታል።

አሠራሩ ይኸው ነው። ማሽኑ ልብሱን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ቀጥ ይላል። ጢጥ ጢጥ ይልና ሁለት ፊደል ያበራል። ፊደሉን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሶኬቱ ይነቀላል፣ እስከ አስር ይቆጠራል፣ ይሰካል። አሁንም ጢጥ ካለ በጥፊ ነው። ጥፊው የሚያርፍበት ቦታ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። አባወራው ጎኑን ዳበስ ዳበስ ያደርግና "እዚህ ጋ ነው የሚሰማው" ይላል፣ እንደ ወጌሻ።

ማንበብ አቅቶን እንዳይመስላችሁ። ከቡና ሲኒ አተላ ውስጥ መንገደኛ እናያለን። በበግ ሞራ መጪውን ጊዜ የሚያነቡ ሽማግሌዎች አሉን። ሕልም እንፈታለን። ማሽኑ በብርሃን የጻፈው "ኦ ኢ" ግን ምስጢር ነው። "የሞዴሉ ስም ነው" ያለኝ ጎረቤት አለ፣ ያውም መሐንዲስ።

ኤልጂ ላይ ኦ ኢ ማለት "ውሃው አልወጣልኝም" ማለት ነው። ሳምሰንግ ይህንኑ በ"5 ሲ" ይናገራል። ከማሽኑ ፊት፣ ግርጌው ላይ፣ ትንሽ ክዳን አለች። ከኋላዋ የሚፈታ ማጣሪያ አለ፤ ብዙዎቹ ላይ ቀጭን ቱቦም አብሮ አለ። ሶኬቱን ነቅሎ (እዚህ ላይ እንኳ ልክ ነን!) ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ መጠበቅ፣ በቱቦው ዝርግ ዕቃ ላይ ማንቆርቆር፣ ከዚያ ማጣሪያውን ፈቶ ማጠብ ነው። ነገር ግን ለማሽን ማጎንበስ ክብር ይነካል። በአንድ የማውቀው ቤት ማጣሪያው በ4 ዓመቱ ሲፈታ ሦስት የአንድ ብር ሳንቲም፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የሸሚዝ ቁልፍና አንድ እግር የሕፃን ካልሲ ወጣ። በካልሲዋ ሰበብ ሠራተኛዋ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጣ ወርዶባታል። የካልሲው ባለቤት አሁን ኬጂ ገብቷል። ቤቱ የማን እንደሆነ አልናገርም፤ የኔ ነው።

የኤልጂዋ "አይ ኢ" ደግሞ ለአዲስ አበባ ተብላ የተሠራች ትመስላለች። ውሃ አልገባልኝም ማለት ነው። ፈረቃችን ባልሆነ ቀን እናበራውና "የዱባይ ዕቃ እንዲህ ነው" ብለን እንረግመዋለን። ሮቶው ሞልቶ እያለ ሲያስቸግር ደግሞ ንዴቱ ይብሳል። ውሃ 1 ባር ግፊት የሚሰጠው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ነው። ከማሽኑ 2 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ 0.2 ባር ይሰጣል፤ ብዙ ማሽን ደግሞ 0.5 ባር ገደማ ይፈልጋል። ከኋላ፣ ቱቦው የሚገባበት አፍ ላይ፣ ትንሽ ወንፊት አለች። እሷም በደለል ትደፈናለች። ቧንቧውን ዘግቶ፣ በፒንሳ ስቦ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ ይበቃት ነበር። እኛ ግን ጥፊውን እንመርጣለን፤ ይቀለናል።

ጋቢ ብቻውን የሚያጥቡትንማ በተለየ አደንቃለሁ። ውሃ የጠጣ ጋቢ አንድ ጎን ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ሚዛኑን ያጣል፣ "ዩ ኢ" ይላል። ሁለት ሦስት ፎጣ ጨምሮ ማስተካከል ሲቻል፣ ሁለት ጎረምሳ ላዩ ላይ ተቀምጦ ሲይዘው በዓይኔ አይቻለሁ።

ማድረቂያ ያለውን የገዙትስ? 8 ኪሎ አጥቦ 5 ኪሎ ብቻ የሚያደርቅ ማሽን ላይ 8 ኪሎውን እንዳለ ያደርቃሉ። ከስንት ሰዓት በኋላ እንደ ዳቦ በእንፋሎት የተቀቀለ አንሶላ ያወጣሉ። ከዚያ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ያሰጡታል።

ማኑዋሉ በክብር ተቀምጧል። ከቴሌቪዥኑ ማኑዋል ጋር በአንድ ላስቲክ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ። ላስቲኩ አልተቀደደም።

ባለፈው አንድ ወዳጄ ማሽኑ "ሲ ኤል" ብሎ አልታዘዝ አለው። ነቀለ፣ ሰካ፣ በጥፊ አለ፣ በመጨረሻ ቴክኒሻን ጠራ። ቴክኒሻኑ ቆሞ አየውና "ቦርዱ ሄዷል" አለ። ቦርድ ሁልጊዜ እንደሄደ ነው፤ ተመልሶ የመጣ ቦርድ አላየሁም። ዋጋ እየተከራከሩ ሳሉ የወዳጄ የ6 ዓመት ልጅ መጣችና የሕፃን ፊት የተሳለበትን ቁልፍ ጣቷን ሳታነሳ ተጭና ያዘችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማሽኑ ጢጥ ብሎ መዞር ጀመረ። ሲ ኤል የልጆች መቆለፊያ ነበር።

ቴክኒሻኑ የመጣበትን ተቀብሎ ወጣ። ሲያልፍ ማሽኑን ጎኑን መታ መታ አደረገው።

"አያችሁ፣" አለ ወዳጄ፣ "እሱ ሲነካው እኮ ነው የተነሳው።"